ቤት በሰዓት ሲለካ

ባሕር ዳር ላይ ቤት ሊሠራ የተነሳ ሰው የቤት ሥዕል ወደምንሠራበት ቢሯችን ሲመጣ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ስንት ክፍል ይወጣዋል?» ይለኛል። ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ 150 ካሬዋን በጣቱ እየከበበ ነው የሚጠይቀው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መሬት ውድ ነው። ሲሚንቶ ውድ ነው። ብረትማ የሚቀመስ አልሆነም። ሰው ጥሮ ግሮ ባጠራቀመው ገንዘብ የቻለውን ያህል ክፍል ቢያወጣ ማን ይፈርድበታል?

እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ቤታችሁ ውስጥ ማን የት አለ? ከቀኑ ስምንት ሰዓትስ? ማታ ልጆቹ የት ያጠናሉ? እናታችሁ ከገጠር ሲመጡ የት ያርፋሉ? የዛሬ አሥር ዓመት እዚህ ቤት ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል? ብዙ ሰው መጀመሪያ ግራ ይገባዋል። ትንሽ ቆይቶ ግን ወሬው ይሞቃል። ባልና ሚስት እርስ በርስ መከራከር ይጀምራሉ። የእኔ ሥራ እዚያ ላይ ይጀምራል።

ትንንሽ ቤቶችን ስሥል ብዙ ዓመት ሆነኝ። በእነዚህ ዓመታት አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ገብቷል። ካሬ ሜትር የሚነግረን የግንባታውን ወጪ ነው። የኑሮውን ስፋት ማወቅ የፈለገ ሰው እያንዳንዱ ካሬ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚያገለግል ይጠይቅ። 45 ካሬ ሆኖ ሰፊ የሆነ ቤት አይቻለሁ። 120 ካሬ ሆኖ ቤተሰቡ አንድ ጥግ ላይ ተጨናንቆ የሚኖርበትም አይቻለሁ።

የብዙ ቤቶቻችንን ሳሎን ተመልከቱ። ከቤቱ ሁሉ ሰፊው ክፍል እሱ ነው። ትልቅ ሶፋ፣ ቡፌ፣ መሐል ላይ ጠረጴዛ። ልጆች እንዳያበላሹት በሩ ይዘጋል። ቤተሰቡ የሚውለው ወጥ ቤቱ አጠገብ ባለች ጠባብ ቦታ ወይም በረንዳ ላይ ነው። 60 ካሬ ቤት ውስጥ 20 ካሬ ሳሎን ካለ የቤቱ ሲሶ ማለት ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። ያ ሲሶ ከዚህ ውስጥ የሚያገለግለው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። ይህን ስል እንግዳ መቀበልን እያጣጣልኩ አይደለም፤ ባህላችን ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። እንግዳው የሚቀመጥበት ቦታ በሌላው ሰዓት ልጅ የሚያጠናበት፣ ሌሊት ደግሞ ዘመድ የሚተኛበት እንዲሆን ከጅምሩ ብንሥለው ምን ይጎዳል? ጥያቄዬ ይህ ነው።

የገጠሩ ቤታችን ይህን ድሮ ያውቀዋል። ጎጃም ወይም በጌምድር ውስጥ የጭቃ ቤት ገብቶ ያየ ሰው ያስታውሳል። በግድግዳው ጥግ መደብ አለ። ቀን ይቀመጡበታል፣ ማታ ቁርበት ወይም አጎዛ ተነጥፎ ይተኙበታል። ጎታው እህል ይይዛል፤ ተደርድሮ ሲቆም ደግሞ ጓዳውን ከዋናው ቤት ይለያል። የእህል ማስቀመጫው ራሱ ግድግዳ ሆነ ማለት ነው። ከላይ ቆጥ ይሠራል፤ ዕቃ ይወጣበታል፣ ሰውም ይተኛበታል። አንድ ክፍል የምንለው ያ ቤት እንደ ሰዓቱ አምስት ስድስት ዓይነት ሥራ ይሠራል። ከተማ ስንገባ ያንን ሁሉ ትተን ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ክፍል፣ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ በር ማበጀት ያዝን።

አሁን አሁን መጅሊስ በየቤቱ እየገባ ነው። ደስ ይለኛል። መጅሊስ ማለት በስፖንጅ የተሠራ መደብ ነው። ከሥሩ መሳቢያ ከተሠራለት ብርድ ልብስና አንሶላ ይይዛል። አምስት ሰው ያስቀምጣል፣ ሁለት ሰው ያስተኛል። ጠባብ ቤት ለሚሠራ ሰው ከባዱን ሶፋ ተወውና ይህን አስበው እላለሁ።

እኔ ያደግሁት በአንድ ግቢ ውስጥ ባለች የኪራይ ሰርቪስ ቤት ነው። አራት በአራት ናት። እናቴ አልጋውን በብሎኬት ከፍ አድርጋ ከሥሩ ሻንጣና ጆንያ ታስገባ ነበር። መጋረጃው ጠዋት ይሰበሰባል፣ ማታ ይዘረጋል። በዓል ሲሆን አልጋው ተፈታትቶ ውጪ ይወጣና ቤቱ በአንዴ አዳራሽ ይሆናል። ስለ ቤት መጀመሪያ ያስተማረችኝ እሷ ናት ብል ማጋነን አይሆንም። ይሁንና ያቺ ቤት የምታሰቃይም ነበረች። መስኮቷ አንድ ብቻ ነው፤ ያውም ወደ ምዕራብ። ጣሪያዋ ኮርኒስ የለውም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ከሰዓት በኋላ ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። እናቴ ሥራዋን ሁሉ ይዛ ውጪ ጥላ ፍለጋ ትወጣለች። ስለዚህ አንድ ሰው ተነስቶ «ለከተማ ሰው ትንሽ ቤት ይበቃዋል» ሲል ዝም ብዬ አልቀበለውም። ትንሽ ቤት ከትልቅ ቤት የበለጠ መታሰብ አለበት። በትልቅ ቤት ከአንዱ የሚያቃጥል ክፍል ወደ ሌላው ይሸሻል። በትንሽ ቤት መሸሻ የለም።

ስለ ፀሐይ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ላውራ፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር ይህ ነው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ነው የምትገኘው። ከዚህ የተነሳ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ብላ በአናታችን ታልፋለች። አንዱ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ነው። ሁለተኛው ነሐሴ አጋማሽ፣ ፍልሰታ ሲፈታ አካባቢ። በሁለቱ መሐል ባሉት ወራት የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። በቀረው ዓመት ግን ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ታኅሣሥ ላይ በቀትር ከአድማስ 55 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብላ በደቡብ ትታያለች።

ይህ ለቤት ሠሪ ምን ይነግረዋል? መጀመሪያ፣ የደቡብ መስኮት በቀላሉ ጥላ ይበጅለታል። የጣሪያው ክፈፍ 80 ሳንቲ ሜትር ወጣ ካለ ታኅሣሥ ቀትር ላይ ጥላው ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። ከመስኮቱ ሥር ጥቂት ፀሐይ ትገባለች፤ የታኅሣሥ ሌሊት ባሕር ዳርም ይቀዘቅዛልና ትግባ። ሁለተኛ፣ በጣም በሚሞቁት ወራት፣ ማለትም ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ፀሐይዋ ከላይ ስለሆነች የሚቃጠለው ጣሪያው ነው። ሦስተኛውና ሰው የሚዘነጋው፣ ምሥራቅና ምዕራብ ግድግዳ ላይ ክፈፍ ብዙም አያድንም። ከሰዓት በኋላ ያለችው ፀሐይ ዝቅ ብላ በጎን ነው የምትገባው። ምዕራብ ላይ ሰፊ መስታወት አድርጎ መጋረጃ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ወደ ነፋሱ ስንመጣ ደግሞ ጣና አለልን። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ውኃ ከከተማችን በስተሰሜን ተንጣሏል። ቀን መሬቱ ከውኃው ቀድሞ ይሞቃል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሳ ከሐይቁ ላይ ቀዝቀዝ ያለው አየር ወደ ከተማው ይገባል። ሌሊት አቅጣጫው ይገለበጣል። ስለዚህ ቀንም ሌሊትም ነፋሱ የሚፈልገው ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚያሳልፍ መንገድ ነው። ፀሐይዋም የምትለን መስኮታችሁን ሰሜንና ደቡብ አድርጉ ነው። ሁለቱ ተስማምተዋል። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ረዘም ያለ፣ ወርዱ አምስት ስድስት ሜትር ያልበለጠ፣ መስኮቶቹ ፊት ለፊት የተያዩ ቤት ሥሩ ይሉናል። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ማራገቢያ ሳያስፈልግ ይዋላል። ምዕራቡ ጫፍ ላይ መታጠቢያ ቤት፣ ዕቃ ቤት ወይም ቁም ሳጥን ይቀመጥ፤ ሙቀቱን እነሱ ይቀበሉ። ቦታ ከተገኘ በዚያ በኩል ማንጎ ይተከል።

መስኮት ክፈቱ ስል ወባን ረስቼ አይደለም። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ባሕር ዳር ላይ ትንኝ የሚያሳየንን እናውቃለን። ሰው አየር የሚያስፈልገው አመሻሽ ላይ ነው፤ መስኮቱን የሚዘጋውም አመሻሽ ላይ ነው። መፍትሔው በየመስኮቱ ታጥቦ የሚመለስ፣ በፍሬም የተወጠረ የወንፊት ሽቦ ማድረግ ነው። ወጪው ከመስታወቱ ያንሳል። እኔ ሥዕሉ ውስጥ ከመጀመሪያው አስገባዋለሁ። «በኋላ እናስገባዋለን» የተባለ ወንፊት ሲገባ አላየሁም።

ጣሪያውን በተመለከተ፣ ቆርቆሮ ቀላል ነው፣ ዝናብ አያሳልፍም፣ ማንም አናጢ ይመታዋል። ችግሩ ሙቀቱን ወዲያው ወደ ታች መልቀቁ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናቡ ሲወርድ ሰው መደማመጥ አይችልም። ሦስት ነገር ቢደረግ ብዙ ይለወጣል። ነጣ ያለ ቀለም ያለው ቆርቆሮ መምረጥ። ኮርኒስ መምታት። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መሐል ያለው አየር እንዲወጣ በሁለቱም ጫፍ ወንፊት ያለው ቀዳዳ መተው። ሦስተኛው ምንም ያህል ወጪ የለውም፤ ግን ብዙ ቤት ላይ አይገኝም።

ኮርኒስ ካነሳሁ ቀርከሃን ሳልጠቅስ አላልፍም። ከእኛ ወደ ደቡብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ እንጅባራ አካባቢ፣ አዊ ውስጥ፣ የደጋ ቀርከሃ ይበቅላል። የአገሩ ሰው አጥርም፣ ቅርጫትም፣ ወንበርም ይሠራበታል። እኛ ከተማ ውስጥ ከሩቅ አገር የመጣ ፕላስቲክ ኮርኒስ እንገዛለን። ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው፣ በበጋ የተቆረጠ፣ ቦራክስ በሚባል ነቀዝ የሚከላከል ጨው የተነከረ ቀርከሃ ለኮርኒስና ለመለያያ ግድግዳ በጣም ጥሩ ነው። መነከሩ ግዴታ ነው። ያልተነከረ ቀርከሃ ውስጥ ያለውን ስታርች ፍለጋ ነቀዝ ይገባና በአጭር ጊዜ ዱቄት ያደርገዋል። ሰው «ቀርከሃ አይበረክትም» የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ቀላል ስለሆነ ሁለት ሰው አንስቶ ቦታ ይቀይረዋል፤ ለሚለዋወጥ ቤት ደግሞ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ነገር ነው።

ስለ ግድግዳ ያለኝ አቋም እንዲህ ነው። ብሎኬትና አርማታ በሚያስፈልግበት ቦታ ይግባ። ከዓለም የካርቦን ልቀት ውስጥ ከመቶ ሰባት ስምንቱ ከሲሚንቶ የሚመጣ ነው፤ ዋጋውም ኪሳችንን እየጎዳ ነው። እኛ ጋ ጥቁር ድንጋይ ሞልቷል። አፈርም አለ። ጥቂት ሲሚንቶ ገብቶበት በመጭመቂያ የሚወጣ የአፈር ብሎክ ቀኑን ቀዝቀዝ፣ ሌሊቱን ሞቅ ያለ ግድግዳ ይሆናል። ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል በድንጋይ ከተነሳና ክፈፉ ሰፊ ከሆነ የባሕር ዳርን ዝናብ ይችላል። ሁሉም አፈር ግን አይሆንም። ዋልካ ለዚህ ሥራ አይመከርም። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። መሠረት ሥርም ቢሆን ዋልካ ተቆፍሮ ወጥቶ በሰሌክት፣ ማለትም በማያብጥ የተመረጠ አፈር፣ መሞላት አለበት። የጭቃ ቤት የድህነት ምልክት ነው የሚለውን ስሜት እረዳለሁ። ሰው ከጭቃ ቤት ለመውጣት ስንት ዓመት ለፍቷል። ይህን ስሜት በክርክር ማሸነፍ አይቻልም። በደንብ ተሠርቶ፣ ኖራ ተቀብቶ፣ ጥግና ጥጉ ቀጥ ብሎ የቆመ የአፈር ቤት ማሳየት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዓመቶቹ ልምጣ። ቤት አንዴ ተሠርቶ ያልቃል ብለን እናስባለን። እኔ የማውቃቸው ቤቶች ግን አልቀው አያውቁም። ልጅ ይወለዳል፣ ክፍል ይጨመራል። እህት ለትምህርት ትመጣለች፣ በረንዳው ይዘጋል። ኑሮ ይከብዳል፣ አንዱ ክፍል ይከራያል። ልጆች ያድጋሉ፣ ያገባሉ፣ ቤቱ ይሰፋቸዋል። እናት ትታመማለች፣ ደረጃ መውጣት ያቅታታል። እነዚህ ሁሉ እንደሚመጡ የታወቁ ናቸው። እንግዲህ ሥዕሉ ለምን የዛሬውን ቤተሰብ ብቻ ይሥላል?

በ150 ካሬ ላይ የምወደው አሣሣል እንዲህ ነው። 9 ሜትር በ5 ሜትር፣ ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ። ምዕራብ ጫፍ ላይ ወጥ ቤቱና መታጠቢያ ቤቱ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ቧንቧውም ፍሳሹም በዚያ ግድግዳ ብቻ ያልፋል። ቧንቧ ያለበትን ቦታ በኋላ መቀየር ሰማይ መቧጠጥ ነው፤ ስለዚህ እሱ እንዳይነካ ተደርጎ ይቀመጥ። የቀረው ቦታ ነፃ ነው። ምሥራቅ ጫፍ ላይ አንድ ቋሚ መኝታ ቤት። መሐሉ ሳሎን፣ ማጥኛና ሁለተኛ መኝታ ሆኖ በቁም ሳጥንና በተንሸራታች የቀርከሃ መለያያ እንደ ሰዓቱ ይከፈላል። ኮሪደር የለም። አንድ ሜትር በአምስት ሜትር የሆነ ኮሪደር ከ45 ካሬ ውስጥ አምስቱን ይበላል፤ የሚያገለግለው ለማለፍ ብቻ ነው። በሮቹም ተንሸራታች ቢሆኑ ይሻላል። 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ግማሽ ካሬ ቦታ ይይዛል። አራት በር ካለ ሁለት ካሬ ሄደ።

ወደፊት በር ሊሆን የሚችለው ግድግዳ ላይ ከአሁኑ ከላዩ አርማታ ታስሮ በብሎኬት ይደፈናል። የዛሬ ስምንት ዓመት ኪራይ የሚገባ ሰው ሲመጣ ብሎኬቱ ብቻ ይፈርሳል። ለእሱ የሚሆን የቆጣሪ መስመርም አብሮ ይዘረጋል። ፎቅ የሚታሰብ ከሆነ መሠረቱና ምሰሶው ዛሬ ይታሰብበት። ደረጃው ከውጪ፣ ምዕራብ ግድግዳ ላይ ይሁን። ግድግዳውን ከከሰዓቷ ፀሐይ ይጋርዳል፤ ላይኛው ቤት ሲከራይ ደግሞ ተከራዩ በቤተሰቡ መሐል አያልፍም። ለፎቅ ተብሎ ጣሪያ ላይ የሚተወውን ፌሮ በተመለከተ አንድ ልመና አለኝ። ራቁቱን አትተዉት። ዝናብ ሲመታው ይዝጋል፣ ዝገቱ ያብጣል፣ ያበጠው ዝገት አርማታውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። በስስ ሲሚንቶ አልብሱት፤ ፎቁ ሲጀመር ሲሚንቶው ይፈርሳል።

አንዲት እናት ይህን ሁሉ ስነግራቸው በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ «ልጄ፣ እንጀራዬን የት ልጋግር ነው?» አሉኝ። ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። ከሌላ አገር የተቀዳ የትንሽ ቤት ሥዕል ሁሉ እዚህ ላይ ይወድቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይጎትታል፤ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል። እንፋሎቱ ከጠባብ ወጥ ቤት ካልወጣ ግድግዳው ይሻግታል። መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ እንጨትና ከሰል አለ፤ ጭሱ ቤት ውስጥ መግባት የለበትም። ለእማማ የሣልኩላቸው በረንዳው ጫፍ ላይ፣ ጣሪያው ሥር፣ በሁለት በኩል ክፍት የሆነች ማድ ቤት ናት። ሁለት ካሬ ተኩል ትሆናለች። ምጣዱ፣ የሊጡ ባልዲና መሶቡ ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። መጋገር በሌለበት ቀን ምጣዱ ላይ ክዳን ተደርጎ ቡና ይፈላበታል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ከተጀመሩት ኮንዶሚኒየሞችም የምንማረው አለ። ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት መኝታ ተብለው ተሠሩ፤ ብዙ ሰው ከኪራይ አወጡ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለልብስ ማጠቢያ፣ ለበግ ማረጃና ለመሳሰሉት የጋራ መገልገያ ቤት ታስቦላቸው ነበር። ማሰቡ ትክክል ነበር። ወጣ ብላችሁ ሰገነቶቹን ተመልከቱ። አንዱ በላሜራ ዘግቶ ማድ ቤት አድርጎታል። አንዱ ጎመን ተክሎበታል። ሌላው ወጥ ቤቱን ለልጁ መኝታ አድርጎ ምድጃውን ወደ ውጪ አውጥቷል። ይህን ያየ ባለሙያ ሊቆጣ አይገባም። ነዋሪው የቤቱን ሰዓት እየቆጠረ ነው። ቀጣዩን ሕንጻ የሚሥል ሰው እነዚህን ሰገነቶች አንድ በአንድ ዞሮ ቢያይ ከብዙ ጥናት የበለጠ ይማራል። ምሰሶና ማገር ግን አይነካ፤ ይህን ለማንም ሳልናገር አላልፍም።

ውኃ። በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርድልናል፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው። 50 ካሬ ጣሪያ በዓመት 70,000 ሊትር ይቀበላል። የሚፈሰውና የሚተነው ቢቀነስ እንኳ 55,000 ያህል ይቀራል። በርግጥ ይህን ሁሉ የሚይዝ ሮቶ ማንም አይገዛም። አምስት ሰው በቀን 40፣ 40 ሊትር ቢጠቀም 10,000 ሊትር 50 ቀን ያዘልቃል። ክረምቱን በሙሉ ልብስና ሽንት ቤት በዝናብ ውኃ፣ ከዚያም እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ በተጠራቀመው ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥቡ ይፍሰሱ።

የሚወጣው ውኃ ከሚገባው ይልቅ ያሳስበኛል። ከሐይቁ አቅራቢያ ባሉ ሰፈሮች የከርሰ ምድር ውኃው ቅርብ ነው። ክረምት ላይ ይነሳል። የሽንት ቤት ጉድጓድ ይሞላል፣ ይገነፍላል፣ የጎረቤት የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። የውኃ ጉድጓድና የሽንት ቤት ጉድጓድ 30 ሜትር ይራራቁ ይባላል። 10 ሜትር በ15 ሜትር የሆነ ቦታ ላይ ይህ እንዴት ይሆናል? አይሆንም። ከእነዚህ ሰፈሮች የሚፈሰው መጨረሻው ጣና ነው። ሐይቁ ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር ያህል ነው፤ ብዙ ቆሻሻ የሚሸከም ጥልቅ ውኃ አይደለም። ዳርቻው ላይ ያለው ደንገል የሚመጣውን ደለልና ፍሳሽ ያጣራ ነበር፤ እሱም እየተመነጠረ ነው። እምቦጭ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ሐይቁን የያዘው በዚህ የተነሳ ብቻ ነው አልልም፤ ከየእርሻው ታጥቦ የሚመጣው አፈርና ማዳበሪያ ብዙውን ድርሻ ይይዛል። ከተማው የሚለቀው ፍሳሽ ግን እምቦጩን እንደሚመግበው አያጠራጥርም።

ስለዚህ ትንሽ ቤት ለብቻው ቆሞ ዘላቂ ሊሆን አይችልም። ስድስት ሰባት ቤት አንድ በደንብ የታሸገ፣ ክፍል ክፍል ያለው የፍሳሽ ማጠራቀሚያ በጋራ ቢሠራ መምጠጫ መኪናም በቀላሉ ይገባል፣ ወጪውም ይከፋፈላል፣ በየግቢው መቆፈር ይቀራል። ድንኳን የሚተከልበት ቦታም እንዲሁ ነው። ለቅሶም ሠርግም ይመጣል። በ150 ካሬ ግቢ ሁሉም ለራሱ የድንኳን ቦታ ልተው ካለ ቤት የሚሠራበት አይኖረውም። ዕድርን ያህል ነገር ያቋቋመ ሰው አንድ የጋራ ሜዳ መጠበቅ አያቅተውም።

ከተማችን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በጀርመን ባለሙያዎች ፕላን ሲወጣላት መንገዶቿ ሰፋፊ፣ ዘንባባ የተተከለባቸው ሆነው ታሰቡ። ሜዳ ስለሆነች በብስክሌት ትዞራለች። ዛሬ ወደ ሰባታሚትና ወደ ዘንዘልማ እየተለጠጠች ነው። እያንዳንዱ ባለ አንድ ወለል ቤት ከገበሬ ማሳ ላይ ቆርሶ ነው የሚወጣው፤ ነዋሪውም ለባጃጅ ይከፍላል። ሁለት ወለል ያላቸው፣ ግድግዳ የሚጋሩ ትንንሽ ቤቶች ይህን ግማሽ በግማሽ ይቀንሱት ነበር።

ለመሬት ቆራሾች አንድ ጥያቄ አለኝ። አዲስ ቦታ ሲሸነሸን 10 በ15 የሆነው መሬት ረጅም ጎኑ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሁን። ከሰሜን ወደ ደቡብ የረዘመ ቦታ ሲመጣልኝ ቤቱን ላዙረው ብል ግቢው አያዞረኝም። ሰፊው ግድግዳ ምዕራብን አይቶ ይቀራል። ቤተሰቡ ለሃምሳ ዓመት በሙቀት ይከፍላል። ፕላኑ ላይ መስመሩን ማዞር ግን ገና ካስማ ሳይተከል የአንድ ቀን ሥራ ነው።

በዚህ ሰሞን ቢሯችን ከአንድ ትንሽ የቤት ማኅበር ጋር እየሠራ ነው። ስለ ፍሳሽ ማጠራቀሚያው ተስማምተዋል። ግድግዳ መጋራቱንም ከብዙ ንግግር በኋላ ተቀብለዋል፤ በመሐሉ ያለው ግድግዳ ድምፅ እንዳያሳልፍ 40 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ እንዲሆን ጠይቀው። ያልተስማሙት በማድ ቤቱ ላይ ነው። ግማሾቹ አንድ የጋራ ይሁን ይላሉ፣ ግማሾቹ ምጣዴን ከሰው ጋር አልጋራም ይላሉ። የሁለቱንም ሥዕል አዘጋጅቼ ከመስቀል በኋላ ለሚያደርጉት ስብሰባ አቀርባለሁ። መሠረት የሚቆፈረው መሬቱ ሲደርቅ፣ ኅዳር ላይ ነው።